ውሻ ይዛችሁ ለመዝናናት ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

አሁን ቤት መግባቴ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብስት ይቅርታ።

ቤቱ በአዘዞ መንገድ ላይ ነው። ሣር፣ ዛፍና ድራፍት ያለው ግቢ። ስሙን አልጽፍም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ስልክ ላይ ማር፣ በር ላይ ሬት።

ትናንት ደውዬ "ውሻ ይዤ መምጣት እችላለሁ?" አልኩ። ልጅቷ "ችግር የለውም ጌታዬ፣ ግቢው ሰፊ ነው። ቀብድ ብቻ ይላኩ" አለችኝ። 500 ብር በቴሌብር ላክሁ። በጽሁፍ አረጋግጪልኝ እንኳ አላልኩም። ጅል!

ከአዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ መጥቶብኛል። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስጄው ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ቤተክርስቲያኑን አድነዋል ስለሚባሉት ንቦች እየተኩራራሁ ተረኩለት። "ጎንደር እንግዳ አያሳፍርም" ብዬም ጨመርኩበት። ቡቺን ያኔ ቤት ትቻት ነበር፤ ውሻ ቅጥረ ቤተክርስቲያን እንደማይገባ ማን ያጣዋል። ካፌም "አይቻልም" ቢለኝ ቅር አይለኝም። ውሻ የሚጸየፍ አለ፣ የሚፈራ አለ፣ መብቱ ነው። እኔን ያቃጠለኝ "ይቻላል" ብሎ ብር መቀበሉ ነው።

በሩ ላይ ጥበቃው "ውሻዋ እዚህ ትታሰር ተብሏል" አለኝ። ከጄኔሬተሩ አጠገብ፣ ፀሐይ ላይ። ይሁን ብዬ ገባሁ። እንግዳ ይዞ በር ላይ መጨቃጨቁ ይሉኝታ ሆነብኝ።

ጥብስ አዘን ቀና ስል፣ ከዛፉ ሥር ሁለት ፈረንጆች ተቀምጠዋል። በመካከላቸው አንዲት ነጭ ውሻ። መሬት ላይ እንዳይመስላችሁ። ወንበር ላይ! አስተናጋጁ አጎንብሶ ፎቶ ያነሳታል።

ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁት። ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ መጣ። "የእነሱ የተከተበ ነው። ያንተ የሰፈር ውሻ ነው።" ብር ሳልልክ "ጌታዬ" ነበርኩ፣ ከላክሁ በኋላ "አንተ" ሆንኩ። የቡቺ የክትባት ካርድ ኪሴ ውስጥ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ውሻም አይተርፍም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው በየዓመቱ ሳላስተጓጉል የማስከትባት። ካርዱን አውጥቼ ዘረጋሁለት። አላየውም። "ወረቀትማ ማንም ያስጽፋል" አለና ወደ አስተናጋጁ ዞሮ ሳቀ። አስተናጋጁም ሳቀ። የአክስቴ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሣር ሣሩን ያያል። የፈረንጆቹን ካርድ የጠየቀ አለ? ማንም። እነሱ ምንም አላጠፉም፤ አልፈርድባቸውም።

ሂሳቡ ደግሞ በእጅ ተጽፎ መጣ። "የውሻ ማቆያ 300"። ቀብዱስ? "እሱ የጠረጴዛ ማስያዣ ነው፣ አይቀነስም።" ከፈልኩ። አዎ፣ ከፈልኩ! ቲፕ ሁሉ ትቻለሁ። እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ።

ስንወጣ ቡቺ ፊት የተቆረጠ ሃይላንድ ውሃ ተሞልቶ ተቀምጧል። ያደረገው ጥበቃው ነው፣ በራሱ። ከወጥ ቤት ጥሬ ሳንባ ጥለውላት ነበር፤ እሱ ነው ያስነሳው። "ትል ያስይዛታል ብዬ ነው ወንድሜ" አለኝ። ልክ ነው፤ ያ ትል ደግሞ ከውሻው ዞሮ ወደ ሰው ይመጣል። ይህን ሥራ አስኪያጁ አያውቅም፣ ዘበኛው ያውቃል። ከ300 ብሩ ደርሶት እንደሆነ ጠየቅሁት። "የምን 300?" አለ።

ለማንኛውም፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት "ውሻው እኛው ጠረጴዛ ሥር ይቀመጣል ወይ?" ብላችሁ መልሱን በጽሁፍ ተቀበሉ። የማሽን ደረሰኝም ጠይቁ።

ቅድም በአክስቴ ልጅ ስልክ አስደወልኩ። ያቺው ድምፅ ናት። "ችግር የለውም ጌታዬ፣ ግቢው ሰፊ ነው። ቀብድ ብቻ ይላኩ።"