ስካግዌይ ላይ ለአንድ ቀን ከመርከብ ለሚወርድ ሰው፦ ባቡሩ ይሻላል ወይስ የኪራይ መኪና?

በአላስካ ደቡብ ምሥራቅ ጠረፍ ከሚመላለሱት የሽርሽር መርከቦች ብዙዎቹ ስካግዌይ ላይ ጠዋት ደርሰው ማታ ይነሣሉ። ከተማዋ 1,200 ገደማ ነዋሪዎች ብቻ ያሏት ትንሽ ወደብ ስትሆን፣ ዋና መንገዷን ከዳር እስከ ዳር በእግር ለማየት ከአንድ ሰዓት ብዙም የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅም። ስለዚህ ቀኑ ማማሩም ሆነ መበላሸቱ የሚወሰነው ከከተማዋ ጀርባ ወዳለው ተራራ በምን እንደሚወጣ በሚደረገው ምርጫ ነው። አንደኛው አማራጭ ከመርከቦቹ ማረፊያ አጠገብ የሚነሣው የኋይት ፓስና ዩኮን ባቡር ነው፤ ሁለተኛው መኪና ተከራይቶ በደቡብ ክሎንዳይክ አውራ ጎዳና ወደ ካናዳ መዝለቅ ነው። ሐዲዱና ጎዳናው በአንድ ሸለቆ ግራና ቀኝ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ገደሎች ላይ ተጠግተው የሚወጡ ቢሆንም፣ በሁለቱም የሄደ ሰው ሁለት የተለያዩ አገሮችን ያየ ያህል ይሰማዋል።

ባቡሩን በትክክል ለመመዘን ለምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1896 የካናዳ ግዛት በሆነችው በዩኮን፣ በክሎንዳይክ ወንዝ አካባቢ ወርቅ መገኘቱ ሲሰማ፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደዚህ ጠረፍ ጎረፉ። የካናዳ ፖሊስ የዓመት ስንቅና ዕቃ፣ ማለትም አንድ ቶን ያህል ጭነት፣ ያልያዘን ሰው ድንበሩን አያሳልፍም ነበር፤ ያን ሁሉ ጭነት በጭቃና በቋጥኝ መካከል ሲያመላልሱም 3,000 ገደማ የጋማ ከብቶች በኋይት ፓስ መንገድ ላይ አልቀዋል። ባቡሩ ከሚያልፍባቸው ገደሎች አንዱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በሞቱት ፈረሶች ስም ነው። የሐዲዱ ሥራ በ1898 ተጀምሮ የመጨረሻው ምስማር በጁላይ 29 ቀን 1900 ካርክሮስ በተባለችው መንደር ተመታ፤ ያን ጊዜ ግን የወርቁ ግርግር አብዛኛው አልፎ ነበር። በዩኮን እስካለችው እስከ ኋይትሆርስ ከተማ 177 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ይህ መስመር ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የማዕድን ጭነት ሲያመላልስ ኖሮ፣ በ1982 የማዕድን ዋጋ ሲወድቅ ተዘጋ፤ በ1988 የተከፈተው ለጎብኚዎች ነው። እንግዲህ ዛሬ ትኬት የሚቆረጥለት ነገር ውብ መልክዓ ምድር ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በዚያ ገደል ላይ በእጅና በባሩድ ምን እንደሠሩ ቁጭ ብሎ ማየትም ነው። በእኔ ግምት የባቡሩ ትልቁ ዋጋ ይኸኛው ነው።

መንገደኞች በብዛት የሚይዙት ጉዞ እስከ ተራራው ማለፊያ፣ ማለትም እስከ ኋይት ፓስ፣ ደርሶ የሚመለሰው ሲሆን፣ ደርሶ መልሱ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ባቡሩ ከባሕር ወለል ተነሥቶ በ32 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ 880 ሜትር ያህል ይወጣል፤ ይህም ለባቡር እጅግ የሚከብድ ዳገት ነው። የሐዲዱ ስፋት 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንዲሆን የተደረገው ጠባብ ሐዲድ በሹል መታጠፊያዎች ላይ ስለሚመችና የሚቆረጠውን ድንጋይ ስለሚቀንስ ነው። በመውጫው ላይ ገደሉ በብዛት በግራ በኩል ስለሚሆን ቀድሞ የገባ ሰው ግራውን ይይዛል፤ ሆኖም በዚህ መጣላት አያስፈልግም። ጫፍ ላይ ሎኮሞቲቩ ወደ ሌላኛው የባቡሩ ጫፍ ሲዞር፣ ተሳፋሪው ተነሥቶ የወንበሩን መደገፊያ ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ መደገፊያው ቋ ብሎ ሲገለበጥ መቀመጫው ወደ መመለሻው አቅጣጫ ይዞራል፣ በቀኝ የነበሩትም ከግራዎቹ ጋር ቦታ ይለዋወጣሉ። በዚህ መንገድ ሁሉም ሰው ወይ በመውጫው ወይ በመውረጃው ገደሉን ያያል።

ከመቀመጫው ይልቅ የሚመከረው ግን በፉርጎዎቹ መካከል ያለው ክፍት መቆሚያ ነው። መስተዋቱ የሰማዩን ነጸብራቅ ስለሚመልስ ከውስጥ የሚነሣ ፎቶ ብዙ ጊዜ አያምርም፤ ውጭ የቆመ ሰው ግን የብረቱን ጩኸት እየሰማ፣ ባቡሩ ከፊቱ ሲታጠፍ ሎኮሞቲቩን ከጎን እያየ፣ የዋሻውን ቅዝቃዜ ፊቱ ላይ እየተቀበለ ይሄዳል። በበጋም ቢሆን ወፍራም ጃኬት መያዝ ያስፈልጋል። ሁለት ሠራተኞችን በ1898 የቀበረው ግዙፍ ቋጥኝና በላዩ ላይ የቆመው ጥቁር መስቀል፣ በ1901 ተሠርቶ እስከ 1969 ያገለገለውና አሁን አገልግሎት የተወው የብረት ድልድይ፣ ከዚያም ወደ ጫፉ ሲቃረብ በድንጋዩ ላይ አሁንም የሚለየው የወርቅ ፈላጊዎቹ ቀጭን የእግር መንገድ፣ ሁሉም ከዚህ መቆሚያ ነው በደንብ የሚታዩት።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ባቡሩ የትም አያወርድም። ፏፏቴው አምሮ ቢታይ፣ ፀሐይ ድንገት ብትወጣ፣ ድብ ከዛፍ ሥር ብቅ ቢል፣ ባቡሩ መንገዱን ይቀጥላል። ጫፍ ላይም በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ የቆሙትን ባንዲራዎች በመስኮት አይቶ መመለስ እንጂ እግርን መሬት ላይ ማሳረፍ የለም። ሙሉውን ሰዓት በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ማብራሪያ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ጠቃሚ ቢሆንም፣ ዝምታ ለሚወድ ሰው ይበዛል። ከዚህ የሚከብደው ግን የአየሩ ጉዳይ ነው። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲመታ ወደ ደመናነት ስለሚለወጥ ማለፊያው ብዙ ጊዜ በጉም ይሸፈናል፤ እንዲህ ባለ ቀን የባቡር ተሳፋሪ ጫፍ ላይ የሚያየው ነጭ ጉም ብቻ ሊሆን ይችላል፣ የሚመለሰውም ከዚያው ነው።

መኪና የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ጎዳናው በ1,003 ሜትር ከፍታ ማለፊያውን ከተሻገረ በኋላ ቁልቁል የሚወርደው ተራራው ከዝናብ ወደሚከልለው ወደ ደረቁ የውስጥ አገር ነው፤ ኋይትሆርስ ከካናዳ ደረቅ ከተሞች አንዷ የሆነችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስካግዌይ ላይ ካፊያ እያካፋ የተነሣ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በጠራ ሰማይ ሥር ሊያገኝ የሚችለው ፈጽሞ ሌላ ቀን ነው። ለውጡ ደግሞ ደረጃ በደረጃ የሚታይ ነው። መጀመሪያ ጥቅጥቅ ያለው የባሕር ዳር ደን አለ፤ በዚህ ክፍል ከሸለቆው ማዶ፣ በወዲያኛው ገደል ላይ፣ ባቡሩ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀስ እያለ ሲሄድ ይታያል። ማለፊያው ላይ ዛፉ ያልቅና ራቁቱን የቀረ ግራጫ ድንጋይ፣ በመካከሉም ትናንሽ ኩሬዎች ይመጣሉ፤ ያሉት ጥቂት ዛፎችም ነፋስና በረዶ አጉብጧቸው ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጡም። ከዚያ ወዲያ ረጅሙ የቱሻይ ሐይቅ፣ ቀጥሎም ቦቭ ደሴት ከከፍታ ቁልቁል የሚታይበት ማቆሚያ ይከተላል። ከመንገዱ ዳር ካሉት ማቆሚያዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን የመጨረሻውን ነው።

ካርክሮስ ከስካግዌይ 106 ኪሎ ሜትር ርቃ በሐይቅ ዳር የተቀመጠች፣ የካርክሮስና የታጊሽ ነባር ሕዝብ መንደር ናት። የድሮው የባቡር ጣቢያ፣ በነባሩ ሕዝብ ሥዕል ያጌጡ ትናንሽ ሱቆችና ቡና ቤት አሉ፤ ነዳጅም እዚህ ይገኛል። ከመንደሯ አለፍ ሲል የዓለም ትንሹ በረሃ እየተባለ የሚተዋወቅ የአሸዋ ክምር ይገኛል። እውነቱን ለመናገር አየሩ ለበረሃነት የሚያበቃው አይደለም፤ ከበረዶ ዘመን የቀረ ሐይቅ ሲደርቅ ወለሉ ላይ የቀረ አሸዋ ነው። ልጆች ይሮጡበታል፣ አዋቂ በአሥር ደቂቃ ይጨርሰዋል። ብዙ ሰው እስከዚህ የሚነዳው ግን ከዚያ ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ በልጦ ለሚገኘው ለኤመራልድ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከመንገዱ ዳር ቁልቁል ሲታይ አንድ ቀለም የለውም፤ ዳር ዳሩ ወተት የተቀላቀለበት የመሰለ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ ወደ መካከል ሲገባ ይጠልቅና ጥልቁ ውኃ ሰማያዊ ይሆናል፣ በሁለቱ መካከልም እንደ መስመር የተሰመረ ድንበር ይታያል። ምክንያቱ ጥልቀት በሌለው ወለል ላይ የረጋው ነጭ የካልስየም ካርቦኔት ጭቃ ብርሃኑን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ነው። ስለዚህ ቀለሙ የሚደምቀው ፀሐይ ሲኖር ነው፤ ደመና ሲሆን ተራ ሐይቅ ይሆናል ባይባልም ግማሽ ውበቱ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የሚገኘው ግን በቀላሉ አይደለም። በስካግዌይ የሚከራዩ መኪናዎች ጥቂት በመሆናቸው፣ ብዙ መርከቦች በሚቆሙበት ቀን ያለ ቀጠሮ መሄድ ባዶ እጅን መመለስ ነው፤ ወራት አስቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል። ሲያዝም የኪራይ ውሉ መኪናውን ወደ ካናዳ ማስገባት እንደሚፈቅድና ኢንሹራንሱ እዚያም እንደሚሠራ ውሉን አንብቦ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው የሰነድ ጉዳይ ነው። ማለፊያው ላይ ደርሶ የሚመለሰው ባቡር ማንንም ስለማያወርድ ፓስፖርት አይጠየቅበትም። በመኪና ግን ሲሄዱ ፍሬዘር ላይ የካናዳ፣ ሲመለሱ ከስካግዌይ በላይ የአሜሪካ የድንበር ጣቢያ ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ግሪን ካርዱንና ፓስፖርቱን አንድ ላይ ይዞ ያለ ካናዳ ቪዛ መግባት ይችላል። በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ የገባ ሰው ደግሞ ቪዛው መልሶ የሚያስገባው መሆኑን አስቀድሞ ሳያጣራ ድንበሩን መሻገር የለበትም። ሰነዱ የማይፈቅድለት ሰው ምርጫ የለውም፣ ባቡሩን ይይዛል፤ ይህም ቅር የሚያሰኝ አይደለም።

ጊዜው እንዴት ይሰላል? እስከ ኤመራልድ ሐይቅ ደርሶ መልስ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን፣ ንዳቱ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ድንበሩና በየቦታው መቆሙ ሲታከሉበት ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት መያዝ ይገባል። አንድ ወጥመድ አለ፤ ዩኮን በበጋ ከአላስካ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም፣ ድንበሩን ሲያልፍ ራሱን የሚያስተካክል ስልክ ሰዓቱን ይለውጠዋል፣ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ይለውጠዋል። ስለዚህ የመርከቡን ሰዓት የሚያሳይ የእጅ ሰዓት ማድረግና በእሱ ብቻ መመራት ይበጃል። በአብዛኛው መንገድ ላይ የስልክ መስመር አይኖርም። መርከቡም በራሱ በኩል የተገዛን ጉብኝት ሲዘገይ ይጠብቃል እንጂ በራሱ መኪና ተከራይቶ የሄደን ሰው ቆሞ አይጠብቅም። ይህን ስጋት የማይወድ ሰው ኤመራልድ ሐይቅን ትቶ ከቦቭ ደሴት ማቆሚያ ቢመለስ ከመንገዱ ውበት አብዛኛውን አግኝቷል።

በወጪ በኩል ስሌቱ ቀላል ነው። ባቡሩ የሚከፈለው በሰው ሲሆን መኪናው የሚከፈለው በቀን ነው። ብቻውን ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚጓዝ፣ ነዳጅና ኢንሹራንስ ሲደመር፣ መኪናው ያን ያህል ቁጠባ አያመጣም፤ ለአራት ሰው ቤተሰብ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። የባቡሩን ትኬት ከመርከቡ ከመግዛት ከባቡር ድርጅቱ በቀጥታ መግዛት አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ ጉዞው አጭር ስለሆነ የመዘግየቱ ስጋትም እንደ መኪናው አያሳስብም።

በአንድ አቅጣጫ በባቡር ፍሬዘር ደርሶ በሌላው በአውቶቡስ የሚያመላልስ ጉብኝትም አለ። ሁለቱንም ገደሎች ስለሚያሳይ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ፓስፖርቱንም ይጠይቃል፣ የሚቆመውም ሹፌሩ በፈቀደበት ብቻ ነው፤ ለመንዳት ለማይደፍር ሰው ካልሆነ በቀር አልመርጠውም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ሰነዱ የተሟላ፣ ተራራ ላይ መንዳት የማያስፈራው ሹፌር ያለው፣ መርከቡም ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቆም ከሆነ መኪናውን ይውሰድ፤ በተለይ ጠዋት ተነሥቶ ተራራውን በጉም ተሸፍኖ ካየው ጨርሶ አያመንታ። ዕድሜያቸው ከገፋ ወላጆች ጋር የሚጓዝ፣ ወይም እግሩን የሚያመው ሰው፣ ወይም የወርቅ ዘመኑ ታሪክ የሚስበው ግን ባቡሩን ይያዝ። መርከቡ ከቀትር በኋላ ቀደም ብሎ የሚነሣ ከሆነ መኪና የሚባለውን ሐሳብ እኔ ጨርሶ አላነሣውም፤ የጠዋቱን የመጀመሪያ ባቡር ይዤ፣ በግራ በኩል ተቀምጬ፣ ጃኬቴን ለብሼ ወደ መቆሚያው እወጣለሁ።