ጉልበተኛ ወጣት ውሻ፦ ከመጠለያ ወይስ ከጊዜያዊ አሳዳጊ ቤት?

ከ8 ወር እስከ 2 ዓመት ያለ ውሻ ጉልበቱ ሞልቶ የሚፈስበት ዕድሜ ላይ ነው። ስለዚህ ከየት እንደምትወስዱት ማሰብ ተገቢ ነው።

መጠለያ ውስጥ ምርጫው ሰፊ ነው፤ በአንድ ቀን ብዙ ውሾች ታያላችሁ። ችግሩ፣ በፍርግርግ ውስጥ ያያችሁት አመል ቤት የሚገባው አመል ላይሆን ይችላል። ጥግ ይዞ የተኮራመተው ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ሶፋ ሊቀድ፣ ሲጮህ የዋለው ደግሞ ጭምት ሊሆን ይችላል። ከፍርግርጉ ውጭ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳታራምዱት አትወስኑ።

ጊዜያዊ አሳዳጊው፣ ማለትም ውሻው ቋሚ ባለቤት እስኪያገኝ ቤቱ የሚያቆየው ሰው፣ ግን አብሮት ኖሯል። ጠይቁት፦ ብቻውን ስንት ሰዓት ይቆያል? ድመት ያሳድዳል? ሽንቱን የት ለመደ? ሲበላ ሰው ቢጠጋውስ? አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ ድርቅ ካለ ወይም ቶሎ ቶሎ ከዋጠ፣ ምግቡን እንዳይወስዱበት እየተከላከለ ነውና ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት አይሆነውም። ለእኛ ሚዛኑን የሚደፋው እንዲህ ያለው መረጃ ነው። ጉድለቱ፣ ሰፊ ግቢ የለመደ ውሻ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ሌላ ውሻ ሊሆን መቻሉ ነው።

ከየትም ይምጣ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀቱን ከነቀኑ ተቀበሉ፤ ወረቀት ከሌለ እንዳልተከተበ ቁጠሩት። ምግቡን በ7 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ለውጡ። ወጥ የነካ እንጀራ አትስጡት፤ ሽንኩርቱ ቀይ የደም ሴሉን ይጎዳል። በቀን ሁለቴ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ካልተራመደ ጉልበቱን በጫማችሁ ይወጣዋል፤ በሰንሰለት ማሰር ደግሞ ጩኸቱንና ቁጣውን ያብስበታል።