ባለ 800 ሚሊ ሜትር ሌንስ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፦ ጫጩቶች እስኪበሩ ድረስ

የካነን አርኤፍ 800 ሚሊ ሜትር ኤፍ 11 ሌንስን ከመስከረም እስከ ጥር የተጠቀምኩበት በዋናነት ለአንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ የግብፅ ዝይ ጫጩቶችን ከወላጆቻቸው ጋር እስኪበሩ ድረስ ፎቶ ለማንሳት። ሌንሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ በአሜሪካ ዋጋው 899 ዶላር ነበር፤ ሩቁን አቅርቦ ለሚያሳይ ለዚህ ረጅም የትኩረት ርዝመት ርካሽ የሚባል ነው። የእኔን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ክብደቱ 1,260 ግራም ስለሆነ ያለ ማቆሚያ በእጅ ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ መጠበቅ ይቻላል።

ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ሰሞን ከሁሉም የሚበልጠው ጉዳይ ርቀት ነው። ሰው ሲጠጋ ተባዕቱ አንገቱን ዘርግቶ በሻካራ ድምፅ ያስፈራራል፣ እንስቷ ትጮኻለች፣ ጫጩቶቹም ተከታትለው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚነሳው ሁሉ የደነገጠ ቤተሰብ ፎቶ ነው። በዚህ ሌንስ ግን ወላጆቹ ሣር መጋጣቸውን ሳያቋርጡ ማንሳት ችያለሁ። በአንደኛው ፎቶ ላይ ጫጩቱ ከእናቱ ክንፍ ሥር ራሱን ብቻ አውጥቶ፣ ምንቃሩ ላይ የተጣበቀችው የሣር ቅጠል እንኳን ጥርት ብላ ትታያለች፤ አባትየው ደግሞ በአጠገባቸው የሚያልፈውን አባ ኮዳ ላባውን አቁሞ ይመለከታል።

ችግሩ ብርሃን ነው። ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ በኤፍ 11 የተወሰነ ስለሆነ ሊሰፋም ሊጠብም አይችልም፤ በመሆኑም ጎሕ ሲቀድ ኢሶውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) ወደ 6400 ከፍ ማድረግ ግድ ይላል፣ በዚያን ጊዜም መጀመሪያ የሚጠፋው የጫጩቱ ለስላሳ ላባ ዝርዝር ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ከውሃው በላይ ያለው አየር በሙቀት ስለሚርገበገብ፣ የትኛውም ረጅም ሌንስ ከሩቅ ጥርት ያለ ምስል አይሰጥም። እንግዲህ በእኔ ግምት አስተማማኙ ጊዜ ከጠዋቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት ያለው ብቻ ነው። የእርጥበት መከላከያ ስለሌለውም ለካፊያ ፌስታል መያዝ ያስፈልጋል።

በእኔ ካሜራ ላይ ራስ ሰር ትኩረቱ የሚሠራው በምስሉ መሃል፣ በወርድ 40 በቁመት 60 በመቶ በሚሆነው ክፍል ብቻ ነው። እናትየውን ከዳር፣ ጫጩቱን ከመሃል ለማድረግ ይመቻል፤ የተገላቢጦሹን ለማግኘት ግን ምስሉን በኋላ መቁረጥ ይጠይቃል።

ጫጩቶቹ በ70 ቀን ገደማ መብረር ሲጀምሩ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ፤ በጠራራ ፀሐይ ኢሶ 1000 አካባቢ 1/2000 ሴኮንድ የመዝጊያ ፍጥነት ስለሚያስገኝ ክንፋቸው ሳይደበዝዝ ይቀራል፣ አስቸጋሪው በዚህ ጠባብ እይታ ውስጥ ወፉን ማግኘቱ ነው። የሐዋሳ ወፎች ሰው ለምደው በሚቀርቡበት ጊዜም ሌንሱ ከ6 ሜትር በታች ስለማያተኩር አይሠራም። ለዚህኛው የዕድገት ደረጃ አሁን ባለ 100-400 ሚሊ ሜትር ሌንስ እጨምራለሁ፤ 800ውን የምይዘው ጫጩቶቹ ከወላጆቻቸው ክንፍ ሥር ገና ላልወጡበት ጊዜ ነው።