ለቸርችሉ ወጣት ምስጋና፦ የአባዬን ድምፅና ምስል ላስታረቀልን

ይህን ምስጋና መጻፍ የነበረብኝ ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር፤ ሥራ በዝቶብኝ ቆየሁ። ቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወርድ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ቲቪና ቴፕ የሚጠግን ወጣት አለ። ስሙን እንዳልጠቅስ ለምኖኛል። «ሰው ከበዛብኝ ሥራዬ ይበላሻል» ነው የሚለው። ስለዚህ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እልክላችኋለሁ። ያደረገልንን ግን በአደባባይ ልናገር።

ነገሩ የአባዬ ነው። አባዬ 76 ዓመቱ ነው፣ ጆሮው ከደከመ ቆየ። የምንኖረው ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እሱ ዜና ሲከፍት ከላይም ከታችም ያለው ጎረቤት አብሮ ዜና ይሰማል። ጎረቤቶቻችን ጨዋዎች ስለሆኑ ምንም አይሉም። ግን የሁለተኛ ፎቋ እትዬ አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «የትናንቱ ፊልም መጨረሻው ምን ሆነ? እኔ እንኳ እንቅልፍ ወሰደኝ» አሉኝ። ገባኝ። በማግስቱ የብሉቱዝ ሄድፎን ገዝቼ ገባሁ።

አባዬ ሄድፎኑን አድርጎ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አወለቀው። «ሲንክ አይደለም» አለ፤ ድምፁና ምስሉ አልገጠሙም ማለቱ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን «አልተመቸኝም» ብሎ ያልፍ ይሆናል። አባዬ ግን ፒያሳ ከነበሩት ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ለ22 ዓመት የፊልም ማሽን ኦፕሬተር ሆኖ ሠርቷል። ድምፅ ከከንፈር ሲዘገይ አዳራሹ ሙሉ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ የሚጮኸው በሱ ላይ ነበር። እማዬ ሄድፎኑን ተቀብላ ለአፍታ ሰማችና «ምን አለበት? የቃናን ድራማ ስናይ ኖረን የለም እንዴ!» አለች። እውነቷን ነው፤ ቃና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ከንፈሩ በቱርክኛ የሚንቀሳቀስ ሰው አማርኛ ሲናገር ማየት ለምደናል። የአባዬ ችግር ግን ሌላ ነው። ጆሮው የደከመ ሰው ግማሹን የሚሰማው በዓይኑ ነው፤ ያመለጠውን ቃል ከተናጋሪው ከንፈር ላይ ይለቅማል። ከንፈሩ ከተከደነ በኋላ ድምፁ ሲመጣ ጭራሽ ይምታታበታል።

ከዚያ በኋላ ያባከንኩትን ገንዘብ ባስታውስ ያናድደኛል። አንድ ሱቅ (የት እንደሆነ ልተወው) «ሄድፎኑ ርካሽ ስለሆነ ነው» ብሎ ሁለተኛ ሄድፎን ሸጠልኝ። ያው ሆነ። ስመለስ ደግሞ «እንግዲያው ቲቪው ነው ያረጀው» አሉኝ። እኔም በበኩሌ የቲቪውን ሜኑ ስጎረጉር የድምፅ መዘግየትን የምታስተካክል ቦታ አግኝቼ፣ ቁጥሯን ከፍ ባደረግኳት መጠን የሚሻሻል መስሎኝ 100 ላይ አድርሻት ነበር። ይህችን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወጣቱን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሁለቱንም ሄድፎን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። አንዱንም አልከፈተም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህን ነው፦

«እህቴ፣ ከስልክሽ ጋር ስታያይዢውስ ይዘገያል?»

«አይ፣ ዩቲዩብ ላይ ልክ ነው።»

«በቃ፣ ሄድፎኑ ጤነኛ ነው። ቤት መጥቼ ቲቪውን ልየው።»

ሁለት ወር ሙሉ ያላሰብኩት ነገር! ያው ሄድፎን ስልክ ላይ ልክ፣ ቲቪ ላይ ዘግይቶ። ምክንያቱን በኋላ ሲያስረዳኝ፣ ስልክ ላይ ያሉት የቪዲዮ መተግበሪያዎች ብሉቱዙ ስንት እንደሚዘገይ ስለሚያውቁ ምስሉንም በዚያው ልክ ይዘው ያቆዩታል። ድምፁ ስልክ ላይም ይዘገያል፣ ምስሉ አብሮ ስለሚዘገይ ነው የማናውቀው። የኛ ቲቪ ግን ከዲሽ የመጣለትን ምስል ወዲያው ይለቀዋል፣ ድምፁን አይጠብቅም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተቀጣጥረን ዘጠኝ ተኩል ላይ መጣ። ይህን የምጽፈው ለእውነት ብዬ ነው፤ የድምፅን መዘግየት የሚያክም ሰው ራሱ በሰዓቱ አይገኝም። ቡና ሁለተኛው ደርሶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረገውን ግን ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ስልኩን በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንዲቀርጽ አድርጎ ሰጠኝና ፊት ለፊቴ ቆሞ አንዴ፣ ጠንከር አድርጎ አጨበጨበ። ቪዲዮውን ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ላይ ከፍቶ እጆቹ የተገናኙበትን ፍሬምና ድምፁ ብቅ ያለበትን ሹል መስመር አስተያየ። ገጥመዋል። «መጀመሪያ መለኪያውን ነው የምለካው» አለ። ያንኑ ጭብጨባ በፍላሽ ቲቪው ላይ ከፍቶ፣ ሄድፎኑን ከስልኩ ማይክ ጋር አጣብቆ፣ ስክሪኑን መልሶ ቀረጸው። ከዚያ በጣቱ ፍሬም በፍሬም እየገፋ ቆጠረ። እጆቹ ከተገናኙ በኋላ ድምፁ የመጣው በ19ኛው ፍሬም ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ከሆነ አንዱ 17 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺኛ) ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል፣ 19ኙ ደግሞ 317 ገደማ።

«ብሉቱዝ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ይህን ያህል አይወስድም» ብሎ ሪሞቱን አነሳ። ያቺን 100 ያልኳችሁን አገኛት። የኛ ቲቪ ላይ ያለችው ማስተካከያ ድምፁን ማዘግየት እንጂ ማፍጠን አትችልም፤ የተሠራችው ምስሉ ለሚዘገይበት ሁኔታ ነው። ማለትም ሁለት ወር ሙሉ በሽታውን ስመግብ ነው የከረምኩት። ዜሮ ላይ መልሶ እንደገና ለካ፤ 13 ፍሬም፣ 217 ሚሊሰከንድ።

አባዬ ከሶፋው ሆኖ «በኛ ፊልም አምስት ፍሬም ማለት ነው» አለ። ወጣቱ ዞሮ አየው። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሆነ አንዱ ወደ 42 ሚሊሰከንድ ነው፤ አምስቱ ከ200 ትንሽ ይበልጣል። ልክ ነበር።

ሥራው ለግማሽ ሰዓት ቆመ። «አባባ፣ በእርስዎ ጊዜ እንዴት ነበር የምታስተካክሉት?» ብሎ ጠየቀው፣ አባዬም ሁለት ዓመት ያላየሁበትን ድምፅ አወጣ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ድምፁ የሚታተመው ከምስሉ ጎን ሳይሆን ሃያ ፍሬም ያህል ቀድሞ ነው፤ የድምፁ ማንበቢያ ያለው ከምስሉ መስኮት በታች ስለሆነ። በሁለቱ መሃል ፊልሙ ዘና ብሎ የሚታጠፍባት ቦታ አለች። ኦፕሬተሩ ሲያስገባ ያችን መታጠፊያ ካስረዘማት ድምፁ ይዘገያል፣ ካሳጠራት ይቀድማል። አባዬ በአየር ላይ ሁለት ጣቱን አጠፍ አድርጎ ልኳን አሳየው። «ይህችን በእጄ ነበር የማውቃት። ይሄ ብሉቱዝ መታጠፊያው የት ነው?»

ወጣቱ ሳቀ። «አለው አባባ፣ ግን አይታይም።» ከዚያ ያስረዳበትን መንገድ ስለወደድኩት እደግመዋለሁ። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ በትንንሽ ጥቅል ይልካል። የሚሄድበት 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ደግሞ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ የሚተራመስበት ነው፤ አንዳንዱ ጥቅል ይጠፋል፣ ድጋሚ ይላካል። ሄድፎኑ ድምፁ እንዳይቆራረጥበት አስቀድሞ ያጠራቅማል። «ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሮቶ አስቀምጣችሁ የለም? ቧንቧው ቢቋረጥም ቤት ውስጥ ያለው አይቋረጥም። ግን አሁን የምትጠጡት ውሃ አሁን የመጣው አይደለም።» እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷን ነቀነቀች።

217 ሚሊሰከንድ ብዙ ነው ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ሰውዬውን ከ74 ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ እንደ ማየት ነው አለኝ። ሳሎናችን አራት ሜትር አይሞላም። ከወንዝ ማዶ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ስናይ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ድምፁ ሲደርስ አይገርመንም፤ ለዚህም ነው የዘገየ ድምፅ ከቀደመ ድምፅ ይልቅ የምንታገሠው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ላይ ሰው ልብ የሚለው ድምፁ በ45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሲዘገይ እንደሆነ ተቀምጧል። የኛ ያንን አልፎ ሄዷል።

አሁን ወደ መፍትሔው፣ እዚህ ላይ ነው ሰውዬውን ያከበርኩት። ወጣቱ ሱቅ ውስጥ ከቲቪ ጀርባ የሚሰካ የብሉቱዝ አስተላላፊ ሲሸጥ አይቻለሁ፣ አፕትኤክስ ሎው ላተንሲ የሚባለውን ፈጣን የድምፅ አላላክ ዘዴ የሚችል፣ መዘግየቱን ወደ 40 ሚሊሰከንድ የሚያወርድ። «እሱን ልግዛ?» አልኩት። «ሄድፎንሽ ያንን አይችልም። ሁለቱም ጫፍ ካልቻለው አስተላላፊው ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ወደ ድሮው ይመለሳል። ሦስተኛ ሄድፎን ልሽጥልሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሊሸጥልኝ ይችል ነበር፣ ያለ ምንም ጥያቄ እገዛው ነበር።

ለዜናና ለዲሽ ያደረገልን ነገር ገመድ ነው። አዎ፣ ገመድ። የቲቪው ጀርባ ላይ የሄድፎን ቀዳዳ አለ፤ የመጀመሪያው ሄድፎን ደግሞ በገመድም ይሠራል። አምስት ሜትር ማራዘሚያ በምንጣፉ ጠርዝ አስገብቶ እስከ አባዬ ሶፋ አደረሰው። ሜኑው ውስጥ የቲቪው ስፒከርና ሄድፎኑ አንድ ላይ እንዲሠሩ የሚያደርግ ምርጫ ስለነበረ እማዬም በስፒከሩ ትሰማለች። በብሉቱዝ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ድምፆች እየተከታተሉ ያስተጋቡ ነበር፣ አሁን አንድ ናቸው።

ማታ፣ እማዬ ከተኛች በኋላ ለሚያየው ፊልም ግን አባዬ ገመድ አይፈልግም፤ ጉልበቱን ለማፍታታት በየጊዜው ይነሳል። ለዚህ ላፕቶፔን በኤችዲኤምአይ ከቲቪው ጋር አገናኝቶ፣ ሄድፎኑን በብሉቱዝ ከላፕቶፑ ጋር አያያዘና ፊልሙን በቪኤልሲ ከፈተው፤ ያ የመንገድ ሥራ ኮን የሚመስል ምልክት ያለው ነፃ ፕሮግራም። ፊልሙ ፋይል ስለሆነ ድምፁን ቀደም ብሎ አንብቦ መላክ ይቻላል። ጄ የምትለዋን ፊደል አንዴ ስትጫኑ ድምፁ በ50 ሚሊሰከንድ ይቀድማል፣ ኬ ደግሞ በ50 ያዘገየዋል። በላፕቶፑም በጭብጨባው ሲለካው ያው 200 አካባቢ ነበር። አራት ጊዜ ጄ።

ቁጥሩን ለራሱ ያዘና ላፕቶፑን ለአባዬ ሰጠው። «እርስዎ ያግጥሙት» አለው። አባዬ መነጽሩን አድርጎ፣ አንዲት ሴት የምታወራበት ቦታ ላይ አድርሶ፣ ጄን መጫን ጀመረ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። አምስተኛውን ተጫነና ፊቱን አጨማደደ፤ በኬ አንዴ መለሰው። «አሁን ገጠመ» አለ። ስክሪኑ ላይ ከዜሮ በታች 200 ይላል።

ዋይፋያችንንም ወደ 5 ጊጋኸርዝ አዛወረልን፤ መዘግየቱን አይቀንስም፣ መቆራረጡን ግን ያስታግሣል ብሎ። እውነትም ቀንሷል።

ሂሳቡ 600 ብር ነበር፣ ከነማራዘሚያው። ሁለተኛውን ሄድፎን ደግሞ «ለራስሽ ስልክ ተጠቀሚበት፣ ምንም አልሆነም» ብሎ መለሰልኝ፤ ይህን ጽሁፍ እያዘጋጀሁ ያለሁትም እሱን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነው። ወጣቱ ሲወጣ አባዬ እስከ ደረጃው ሸኘው። እዚያም ቆመው ስለ ማሽን ሌላ ሃያ ደቂቃ አወሩ።

ወደሱ የምትሄዱ፦ እሁድ ዝግ ነው፣ ቀጠሮ ስትይዙ አንድ ሰዓት ተኩል ጨምራችሁ ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ የቲቪያችሁን ጀርባ ቀዳዳዎቹ ሁሉ እንዲታዩ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ስለሱ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ሳላነሳ ሄጄ «የሄድፎን ቀዳዳ አለው?» ሲለኝ አፌን ይዤ ቀረሁ።