ታሪኬን በሌላ ሰው አንደበት ላሰሙኝ መምህር

ባለፈው ቅዳሜ የተጠናቀቀውን የልብ ወለድ አጻጻፍ ሥልጠና ለመሩልን መምህር ያለኝን ምስጋና በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው እንዲነሣ ስላልፈቀዱ አልጠራቸውም፤ ስድስት ኪሎ አካባቢ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንዳችንን ለአሥር ሳምንታት ያስተማሩ፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው።

ከዚህ ቀደም በሌላ ቦታ ከፍዬ ተመሳሳይ ሥልጠና ወስጄ ነበር። ስለ ሴራ፣ ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ ግጭት ብዙ ማስታወሻ ብይዝም፣ ከጻፍኩት ውስጥ አንድ ገጽ እንኳ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም። እኚህ መምህር ግን የሚጀምሩት ከእኛው ጽሑፍ ነው። የአንዱን ድርሰት ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጸሐፊው እስከ መጨረሻው ቃል ዝም ብሎ ያዳምጣል። ምክንያቱን ሲያስረዱን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው በውጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ እንደወደደው አስታወሱን፤ አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያመጣም፣ የተንዛዛ ዓረፍተ ነገር ከዓይን ቢያመልጥ ከጆሮ አያመልጥም አሉን።

የእኔ ተራ የደረሰው በሦስተኛው ሳምንት ነበር። ታሪኬ ለሥራ ወጥቶ የቀረ ልጇን ለዓመታት ስለምትጠብቅ እናት ነው። የሚያነበው ወጣት «ገና ሲመጣ እናቲቱ በሩን ከፍታ ተቀመጠች» የሚለው ላይ ሲደርስ «ገና»ን አላልቶ ስላነበበው፣ እኔ በዓሉን ማለቴ ሳለ ለሰሚው ልጁ የመጣ መሰለው። ቀጥሎ የመጣው አስተያየት ከዚህም ይከብድ ነበር፤ አንዲት ተሳታፊ፣ እናቲቱ ሐዘን እንጂ ሌላ ምንም የሌላት፣ ሰው ያልሆነች ናት አለችኝ። በጣም ስለከፋኝ ሁለት ቅዳሜ ቀረሁ። መምህሩ ራሳቸው ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ጽሑፍሽን ደግሜ አንብቤዋለሁ፤ ነይና ውሰጂው» አሉኝ። ስሄድ እያንዳንዱ ገጽ ኅዳጉ በእርሳስ ማስታወሻ ተሞልቶ ጠበቀኝ።

አሁንም ድረስ ከእጄ የማይወጣው የመጨረሻው ገጽ ነው። ልጁ ተመልሶ በር ሲያንኳኳ እናቱ አታውቀውም፤ እኔ ድንጋጤዋንና ልቅሶዋን በግማሽ ገጽ ዘርዝሬ ነበር። እሳቸው ያንን ሁሉ በቀጭን መስመር ሰርዘው ከንግግሯ ሁለት ቃል ብቻ አስቀሩ። መጀመሪያ እንደ እንግዳ «ይግቡ» ትለዋለች፤ ፊቱን ካየች በኋላ «ግባ» ትለዋለች። ሁለቱንም ቃላት የጻፍኳቸው እኔ ነበርኩ፤ ከአንቱታ ወደ አንተ መሻገሯ ብቻውን ልጇን ማወቋን እንደሚናገር ግን አላስተዋልኩም ነበር። በስምንተኛው ሳምንት ታሪኩ እንደገና ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም ዝም የማለቱ ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለለኝ።

ደንቡ ለጀማሪ ከባድ መሆኑን ግን አልሸሽግም፤ በመጀመሪያው ቀን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ቢሰጥበት ኖሮ ሁለቱን ቅዳሜዎች ባላጣኋቸው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ለእሳቸው ነግሬያቸዋለሁ። መጽሐፉን ቶሎ ለማሳተም ለቸኮለ ሰው ሥልጠናው አይሆንም። ጽፎ በመሳቢያ ያስቀመጠው ታሪክ ላለውና ምን እንደጎደለው ማወቅ ለሚፈልግ ግን ከልቤ እጠቁማለሁ። ቀጣዩ ዙር ከመስቀል በኋላ ይጀምራል፤ ከአሥራ ሁለት ሰው በላይ አይቀበሉም። መመዝገብ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።