ክንዴ ላይ ያለችው ቁልፍ ሽሮዬን አጋለጠችብኝ

ስኳር ካለብኝ ስምንት አመት ሊሆነኝ ነው፣ ታይፕ ቱ፣ ኢንሱሊን አልወስድም፣ ሜትፎርሚን ጠዋትና ማታ በቃ። እስከዛሬ ስለ ስኳሬ የማውቀው ነገር ቢኖር ጠዋት ጣቴን ወግቼ የማያትን ቁጥርና በየሶስት ወሩ ዶክተሬ የምትነግረኝን ኤዋንሲ (የሁለት ሶስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ) ነው። ጠዋት 118 ወይ 121 አያለሁ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ስራ (ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ኡበር ነው የምነዳው)፣ ከዛ ኤዋንሲው ከፍ ብሎ 7.9 ሆኖ ይመጣል። ምንድነው የምትበላው ትለኛለች፣ እኔ ደሞ እምላለሁ፣ ሻይ በስኳር ከተውኩ ስንት አመቴ፣ ለስላሳ ቤቴ አይገባም። ታዲያ ከየት መጣ? እሱን ለማወቅ ነው ይሄን ሴንሰር የገዛሁት፣ ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀን ከሌት ስኳርን እየለካ ስልክ ላይ የሚያሳይ ነገር ነው።

መጀመሪያ ስለ ብሩ። ድሮ ይሄ ነገር ያለ ሀኪም ማዘዣ አይገኝም ነበር፣ ኢንሹራንስም ኢንሱሊን ለማይወስድ ሰው ብዙ ጊዜ እጁን አይዘረጋም፣ ሜዲኬር (የመንግስት የአዛውንቶች ኢንሹራንስ) ራሱ በ2023 ሰፋ ሲያደርገው ኢንሱሊን ለሚወስዱና ስኳራቸው ክፉኛ ለሚወርድባቸው ነው ያደረገው። ከዛ ማርች 2024 ላይ ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድሀኒት ተቆጣጣሪ) ስቴሎ የሚባለውን የዴክስኮም ኩባንያ ሴንሰር ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ ፈቀደ፣ የመጀመሪያው እሱ ነው፣ ገበያ ላይ ሲወጣ ሁለት ሴንሰር 99 ዶላር ነበር፣ አንዱ እስከ 15 ቀን ስለሚቆይ ለወር ይሆናል ማለት ነው። እኔ ሁለት አይነት ሞክሬያለሁ፣ የማን እንደሆኑ ግን አልናገርም፣ ጥሩም መጥፎም ስለማወራ።

አለጣጠፉ ቀላል ነው። ክንድ ከኋላ በኩል በአልኮል ትጠርጋለህ፣ ያቺን ኩባያ የምትመስል ፕላስቲክ ትጫናለህ፣ ጠቅ ትላለች፣ አለቀ። ባለቤቴ አይኗን ጨፍና ነበር የጫነችልኝ፣ እኔ ግን ጣቴን ስወጋ የሚያመኝን ያህል እንኳን አላመመኝም። ቆዳ ስር የሚገባው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ነው፣ ከላይ የሚታየው የኮት ቁልፍ የምታክል ነጭ ነገር ብቻ ናት። ቅዳሜ አጭር እጅጌ ለብሼ ለቅሶ ቤት ሄጄ አንድ ትልቅ ሰው ክንዴን ይዘው "ልጄ፣ ምን ነክሶህ ነው?" ብለውኛል። የስኳር ነው አባቴ ስላቸው እሳቸውም ለካ አለባቸው፣ ለቅሶውን ትተን ስለ ስኳር ስናወራ አመሸን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ቀን ማታ እንደልማዴ ሽሮ በሁለት እንጀራ በላሁ፣ ፆም ነበር። ስቀመጥ 131። ከአንድ ሰአት በኋላ 189። ከዛ 238!! እኩለ ሌሊት ላይ ሳየው ገና 200 ላይ ተኮፍሶ ተቀምጧል። ሲነጋ ጣቴን ስወጋ ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? 121። በቃ ያኔ ገባኝ፣ እኔ ለስምንት አመት ሙሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲሆን ነው የኖርኩት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጉዱ ሲፈላ አድሮ፣ ሲበርድ ጠብቄ ነው ጣቴን የምወጋው።

ከዛ በኋላ ቤታችን ላብራቶሪ ሆነ። እዚህ ከሱቅ የምንገዛው እንጀራ ብዙ ጊዜ ንፁህ ጤፍ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሩዝም ገብስም ፉርኖ ዱቄትም ይገባበታል፣ ስለዚህ ባለቤቴ ንፁህ ጤፍ ጋገረችና ያንኑ ሽሮ ያንኑ ሁለት እንጀራ በላሁ። 209። ቀንሷል፣ ግን ጤፍ ነው እያልን ራሳችንን የምናታልለውን ያህል አይደለም። የሰራልኝ ሌላ ነው፦ አንድ እንጀራ፣ መጀመሪያ ጎመኑንና ሰላጣውን መብላት፣ ከበላሁ በኋላ ደሞ ሶፋው ላይ ከመዘርጋት ሰፈሩን 20 ደቂቃ መዞር። እንደዛ ሳደርግ ያው ሽሮ 168 ላይ ቆመ። እየተራመድኩ ስልኬ ላይ መስመሩ ሲታጠፍ ማየት የሚሰጠው ደስታ የምር ሌላ ነው።

ጥብስ በትንሽ እንጀራ ብዙም አላንቀሳቀሰኝም። ቡና ያለ ስኳር ምንም፣ ከቡናው ጋር የሚመጣው ዳቦ ግን አይምርም። በሶ በማር በጥብጬ ለጤና ብዬ የምጠጣው ነገር የእሳት ቃጠሎ ነው፣ አቆምኩት። የገረመኝ ቆሎ ነው፣ መኪና ውስጥ ፌስታል ሙሉ ቆሎ አለኝ፣ ኤርፖርት ተሳፋሪ ስጠብቅ ጨበጥ ጨበጥ እያልኩ ቀኑን ሙሉ፣ ግራፉ ላይ ተራራ የለም ግን መስመሩ 170 አካባቢ ተዘርግቶ አይወርድም፣ ልክ እንደ አምባ አናቱ ጠፍጣፋ። እሱን ጣት በመውጋት በህይወቴ አላገኘውም ነበር። ሌላው ደሞ ምንም ሳልበላ ሌሊት ከ10 ሰአት ጀምሮ ስኳሬ ይወጣል፣ ሴንሰሩ አብዷል ብዬ ነበር፣ ዶክተሬ ስታስረዳኝ ለካ ሊነጋጋ ሲል ሰውነት ለመንቃት ሲዘጋጅ ጉበት ራሱ ስኳር ይለቃል።

አሁን ችግሮቹ። ይሄ ነገር የሚለካው ደም አይደለም፣ ቆዳ ስር ያለውን ፈሳሽ ነው፣ ስለዚህ ከጣት በደቂቃዎች ይዘገያል፣ በተለይ ስኳር ቶሎ ሲወጣ ወይ ሲወርድ ሁለቱ አይገናኙም። የመጀመሪያው ቀን ደሞ ገና አልተላመደም መሰለኝ ቁጥሩ ይዘላል። አንድ ሌሊት ለሽንት ተነስቼ ስልኬን ሳይ ከ70 በታች ይላል፣ ባለቤቴ በድንጋጤ ማር ይዛ መጣች፣ ጣቴን ስወጋ 116። ለካ ሴንሰሩ ባለበት ክንዴ ላይ ተኝቼ ነው፣ ቦታው ሲጫን ውሸት ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ የታወቀ ነገር ነው። ስለዚህ ስሜትህና ቁጥሩ ካልገጠሙ ጣትህን ውጋ፣ ስትሪፑን (ከጣት ደም የሚነካባትን የመለኪያ ማሽን ወረቀት) እንዳትጥሉት። አንዳንዶቹ ላይ ደሞ ቫይታሚን ሲ በብዛት የሚወስድ ሰው፣ በቀን ከ500 ሚሊግራም በላይ፣ ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ያያል፣ ወረቀቱን አንብቡ።

አንዱ ሴንሰር በዘጠነኛው ቀን ወደቀ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ ሾፌር ሆኜ በግራ ክንዴ መለጠፍ፣ ቀበቶ ሳስርና ስፈታ ሲነካው ሲነካው ተላቀቀ። ደወልኩ፣ ግማሽ ሰአት ሙዚቃ አስሰሙኝና ሌላ ላኩልኝ። ከዛ በኋላ በቀኝ።

ሌላው ችግር ሱስ ነው። ቀይ መብራት ላይ ስልክ፣ ቅዳሴ ላይ ስልክ፣ ባለቤቴ "ከኔ ይልቅ እሱን ነው የምታየው" አለችኝ፣ ልክ ናት። ሁለት ወር ተጠቅሜ ያቆምኩትም ለዛ ነው፣ ደሞ በወር 99 ማለት በአመት ወደ 1,200 ዶላር ነው፣ ኢንሱሊን ለማይወስድ ሰው ሁልጊዜ ማድረግ ለኔ አይታየኝም። የምትበላውን ካወቅክ አወቅክ፣ ሽሮው ነገ ሌላ ፀባይ አያመጣም። የሚቀጥለው ኤዋንሲ 7.1 መጣ፣ መድሀኒት አልተጨመረልኝም።

አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እህቴ ይሄን ስነግራት ላክልኝ አለች። እታለም፣ አንዱ እኮ 15 ቀን ነው የሚቆየው አልኳት፣ ደሞ እሷ የምትወስደው ግሊበንክላማይድ የሚባል የስኳር ክኒን ነው፣ እሱ ስኳርን ከሚገባው በላይ ሊያወርድ ይችላል፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ስቴሎ ደሞ ሲወርድብህ ጮሆ የሚቀሰቅስ አላርም የለውም፣ ስለዚህ ሀኪሟን ሳትጠይቅ ለሷ የሚሆን አይደለም። ተኮራረፍን። በመጨረሻ የስኳር መለኪያ ማሽኗን ፎቶ ልካልኝ ለሱ የሚሆነውን ስትሪፕ በሰው ላኩላት፣ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰአት ቆይታ እንድትወጋ ነገርኳት፣ ትላንት ደውላ "ይሄ ፓስታ ጉድ ሰራኝ" አለች።

እኔ ሁዳዴ ሲገባ አንድ ፓክ ልደግም ነው፣ 55 ቀን ሽሮና ምስር ነው፣ ምስሩን ገና አልፈተንኩትም።