የሶሲዮሎጂ ዲግሪ በአገራችን፦ ጥንካሬው ተማሪው በሚሸሸው ኮርስ ላይ ነው

ሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) ዛሬ የአራት ዓመት ትምህርት ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ለፍሬሽማን ኮርሶች ስለዋለ፣ ለሙያው የሚተርፈው ሦስት ዓመት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናም መጥቷል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው።

ቲዎሪው በሃንድአውት ሽምደዳ ይታለፋል፤ ጉዳቱም እዚሁ ላይ ነው። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ዱርክሃይም በ1897 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ራስን ማጥፋትን ከማኅበራዊ ትስስር ጋር አያይዞታል ብሎ ለፈተና መጻፍ ማንንም አያቅትም። ሰው ሰፈር ለቆ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፣ ከዕድሩም ሲወጣ፣ የሚላላው ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ መምህር ግን በየክፍሉ አይገኝም። ከተገኘ ያ ኮርስ አይዘለልም።

የዲግሪው ዋጋ የሚለካው ተማሪው በሚሸሻቸው ነው፦ በምርምር ዘዴ፣ በስታቲስቲክስና በሲኒየር ኤሴይ (በመመረቂያ ጥናቱ)። እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ተማሪው ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ያነሳል፦ የሕዝቡ ቁጥር ሲካፈል ለ(1 ሲደመር የሕዝቡ ቁጥር ሲባዛ በስህተቱ ካሬ)። ለ2,000 አባወራ በ5 ከመቶ ስህተት 334 ይወጣል። እስከዚህ ደህና። ከዚያ ቀበሌ በር ላይ ቆሞ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይጠይቃል! ቀመሩ የሚሠራው ከሙሉ ዝርዝር በዕጣ ለተመረጠ ናሙና ነው፤ በአጋጣሚ ለተገኘ ሰው 334ም 50ም ቢሆን ቁጥሩ ስለ ቀበሌው አይመሰክርም። ዝርዝር ከሌለ በጥልቅ ቃለ መጠይቅ መሥራትና ይህንኑ በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው ጣጣ መጠይቁ ነው። በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በአንድ ሌሊት ወደ አማርኛ ይመለሳል። «ቤተሰብዎ ስንት ነው?» ሲባሉ እናት ዐረብ አገር ያለችውን ልጃቸውንም ይቆጥራሉ፤ ተማሪው የፈለገው ግን አንድ ቤት የሚኖሩትን፣ ከአንድ ማዕድ የሚበሉትን ነበር። ጥያቄው እንደዚያው ተብራርቶ ይጻፍ፤ የመጀመሪያውን እንግሊዝኛ ያላየ ሌላ ሰው አማርኛውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ከዋናው ሥራ በፊት ከናሙናው ውጭ በሆኑ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ይሞከር።

ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ላይ ደግሞ ስድስት የገቢ ደረጃ ከአምስት የትምህርት ደረጃ ጋር ይገጠምና ሠላሳ ሣጥን ይፈጠራል። ግማሾቹ ባዶ ወይም ለባዶ የቀረቡ ይሆናሉ። ሁለቱ ነገሮች መያያዛቸውን የሚፈትሸው የካይ ስኩዌር ውጤት የሚታመነው፣ ባይያያዙ ኖሮ የሚጠበቀው ቁጥር ከ5 በታች የሆነባቸው ሣጥኖች ከአምስት አንድ ካልበለጡ ነው፤ ስለዚህ ደረጃዎቹን ወደ ሦስት ሦስት ማጠፍ ግድ ነው። ፕሮግራሙ ይህን ከሰንጠረዡ ሥር በትንሽ ፊደል ይጽፋል፤ የሚያነበው ጥቂት ነው።

ወላጆች ከሶሻል ወርክ ጋር ያምታቱታል። ሶሻል ወርክ ችግር የገጠመውን ሰው ጉዳይ ይዞ ይከታተላል፤ ሶሲዮሎጂ ችግሩ ለምን እነዚያ ሰዎች ላይ እንደበዛ ያጠናል። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ግን ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ያስቀምጣቸዋል፦ «ሶሲዮሎጂ፣ ሶሻል ወርክ ወይም ተዛማጅ»። መግቢያው በር ብዙ ጊዜ ለአንድ የመስክ ጥናት በቀን አበል የሚሠራ ዳታ ሰብሳቢነት ነው። እዚያ ታብሌት ላይ ኮቦ (የመጠይቅ መተግበሪያ) መሙላት የሚችል ብዙ ነው፤ መጠይቁን ራሱን ኮቦ ላይ የሚያዘጋጅ፣ የዝላይ ሕጎቹን (በየትኛው መልስ የትኛው ጥያቄ እንደሚታለፍ) የሚያስተካክልና የተሰበሰበውን ዳታ የሚያጸዳ ግን ተፈልጎም አይገኝም። ሁለት ቅዳሜ ለዚህ ቢውል አይቆጭም፤ ኮቦን በነጻ መለማመድ ይቻላል።